ስለ ሃይማኖት መልስ ስለ መስጠት፤ ከጐንደር ታሪክ የሚገኝ ምክር

ቤት የሠራ ሰው ሁለት ሥራ አለበት። አንደኛው ሌባ እንዳይገባ በሩን መጠበቅ ነው፤ ሁለተኛውም ጣራው እንዳያፈስ፥ ምሰሶውም እንዳይነቅዝ በየጊዜው ማደስ ነው። በሩን ብቻ የሚጠብቅ ሰው ውሎ አድሮ ቤቱ በላዩ ይፈርስበታል፤ ጣራውን ብቻ የሚያድስ ሰው ደግሞ ንብረቱ ይሰረቅበታል። የሃይማኖትም ነገር እንዲሁ ነው፤ ከውጭ ለሚመጣው ነቀፋ መልስ መስጠትና በውስጥ ያለውን ሕዝብ ማስተማር እንደ ሁለት እጅ ናቸው፤ አንዱ ያለ አንዱ ሊታጠብ አይችልም።

በዚህ በኢዮቤልዩ በዓል ስለ አለፈው ዘመን እግዚአብሔርን ማመስገን የተገባ ነው። ዳሩ ግን በኦሪት ሥርዓት ኢዮቤልዩ የደስታ ብቻ ሳይሆን የመመለሻም ዓመት ነበረ፤ በችግር የተሸጠ ርስት ወደ ባለቤቱ ይመለስበት ነበርና። ስለዚህ እኛም በዓላችንን ስናከብር ከአባቶቻችን ርስት የትኛው ከእጃችን እንደ ወጣ፥ የትኛውስ ሊመለስ እንደሚችል ልንመረምር ይገባናል። የሃይማኖት ፍቅር ቀዘቀዘ እየተባለ በሚነገርበት በዚህ ዘመን፥ ጐንደርና አውራጃዋ ስለ ሃይማኖት መልስ በመስጠት ያሳለፉትን ታሪክ ማስታወስ የሚጠቅመን ስለዚህ ነው።

ለሚጠይቅ ሰው የሃይማኖትን ምክንያት አስረድቶ መመለስ በግሪኮች ቋንቋ አፖሎጊያ ይባላል፤ በእኛም ዘንድ ዕቅበተ ሃይማኖት ይባላል። ሥራው አዲስ አይደለም። ሐዋርያው ጴጥሮስ በመጀመሪያው መልእክቱ ክርስቲያኖች ስለ ተስፋቸው ለሚጠይቃቸው ሁሉ መልስ ይዘው እንዲገኙ፥ መልሳቸውም በየዋህነትና በፍርሃት እንዲሆን አዝዟል። ሰማዕቱ ዮስጢኖስም በሁለተኛው መቶ ዓመት ስለ ክርስቲያኖች ለሮም ቄሣር ጽፏል። በሐዋርያው ትእዛዝ ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ እነርሱም መልሱና የመልሱ ጠባይ ናቸው። የአገራችን ታሪክ ሲመረመር፥ መልሱ እያለ ጠባዩ ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ፥ ሁለቱም በአንድነት ሲገኙ ደግሞ ምን ፍሬ እንደሚገኝ ያሳያል።

የቀድሞዎቹ ሁለት መልሶች

ጐንደር ከመመሥረቷ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ፥ ኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም በጦርነት አገሩን ከያዘበት ከ1521 እስከ 1535 ዓመተ ምሕረት ድረስ፥ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ መጻሕፍትም ጠፉ። በዚያ ዘመን ብዙ ሰው ሃይማኖቱን የተወው በክርክር ተረትቶ ሳይሆን ሰይፍ ፈርቶ ነው። በዚህ መካከል የደብረ ሊባኖስ እጨጌ የነበሩት አባ ዕንባቆም አንቀጸ አሚን የተባለውን መጽሐፍ ለኢማሙ መልስ አድርገው ጻፉ። እኒህ አባት የየመን ሰው ነበሩ፤ በእስልምና አድገው በኋላ ወደ ኢትዮጵያ መጥተው የተጠመቁ ናቸው። ስለዚህ መልሳቸውን የጻፉት ከሰሚ ሰሚ በሰሙት ወሬ አይደለም፤ ቁርኣንን ራሱን ያውቁት ነበርና ከዚያው እየጠቀሱ ነው። ዐረብኛ በማወቃቸውም የበረላምንና የይዋስፍን መጽሐፍ ወደ ግእዝ መልሰዋል። ከእርሳቸው የምንማረው የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፤ ሌላው ሰው የሚያምንበትን በራሱ መጽሐፍ ሳያውቁ መልስ እሰጣለሁ ማለት በጨለማ ድንጋይ እንደ መወርወር ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ የዐፄ ገላውዴዎስ ነው። ከፖርቱጋል አገር የመጡት የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ኢትዮጵያውያንን፥ ሰንበተ አይሁድን ታከብራላችሁ፥ ትገረዛላችሁ፥ የእሪያ ሥጋ አትበሉም፤ ስለዚህ ሥርዓታችሁ የአይሁድ ነው ብለው በነቀፉ ጊዜ፥ ንጉሡ በ1547 ዓመተ ምሕረት አጭር የሃይማኖት መግለጫ ጻፈ። ጽሕፈቱ ጥቂት ገጽ ነው፤ ነገር ግን እጅግ የተመዛዘነ ነው። አስቀድሞ ሃይማኖቱን፥ ይኸውም የሥላሴንና የሥጋዌን ነገር ይናገራል። ቀጥሎም ቀዳሚት ሰንበትን የምናከብረው አይሁድ እንደሚያደርጉት ውኃ ከመቅዳትና እሳት ከማንደድ በመከልከል ሳይሆን ቅዱስ ቍርባንን በማቅረብ እንደ ሆነ፥ ግዝረትም በኢትዮጵያና በኖባ ፊትን እንደ መብጣት፥ በሕንድም ጆሮን እንደ መብሳት ያለ የአገር ልማድ እንደ ሆነ ያስረዳል። የእሪያን ሥጋ በሚመለከት የሚበላውን አንንቅም፥ የማይበላውንም አናስገድድም የሚል አሳብ ያቀርባል። በዚህ መልስ ውስጥ ስድብ የለም። ንጉሡ የሃይማኖትን መሠረት ከአገር ልማድ ለይቶ በማስቀመጡ ለሁለቱም የሚገባቸውን ስፍራ ሰጣቸው። ልማዱን ሁሉ ሃይማኖት ቢያደርገው ኖሮ መከላከል ባልቻለ ነበር፤ ልማዱን ሁሉ ቢተወው ደግሞ የገዛ ሕዝቡን ባጣ ነበር።

በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የሆነው ነገር

ከዚህ በኋላ ነገሩ ወደ ጣና ዳርቻና ወደ ደምቢያ ይመጣል። ጴጥሮስ ፓኤዝ የተባለው ኢየሱሳዊ ካህን በ1595 ዓመተ ምሕረት ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ይህ ሰው ግእዝንና አማርኛን ተማረ፤ ሕፃናትን የሚያስተምርበትንም የክርስትና ትምህርት ወደ አማርኛ አስተረጐመ። በዐፄ ሱስንዮስ ፊት በተደረገውም ክርክር ብዙዎቹን የአገሩን ካህናት አስጨነቃቸው። ይህ ሊያስደንቅ አይገባም፤ በኢማም አሕመድ ጦርነት የፈረሰው ጉባኤ ቤት ገና አልተጠገነም ነበርና። እንግዳው በሕዝቡ ቋንቋ ሲናገር፥ ባለ አገሩ ደግሞ ሕዝቡ በማይሰማው በግእዝ ብቻ ይመልስ ነበር።

ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓመተ ምሕረት የሮምን ሃይማኖት መቀበሉን በይፋ ገለጠ። ፓኤዝ በዚያው ዓመት በጎርጎራ ሞተ። ከእርሱ በኋላ በፓትርያርክነት የመጣው አልፎንሶ ሜንዴዝ በጠባዩ ከእርሱ የተለየ ነበረ። በየካቲት ወር 1618 ዓመተ ምሕረት አዋጅ ከታወጀ በኋላ ሕዝቡ እንደ ገና እንዲጠመቅ፥ ካህናቱም እንደ ገና እንዲሾሙ፥ ጾሙና በዓሉም በሮም አቈጣጠር እንዲሆን ተደረገ። አስቀድሞ በቃል የተጀመረው ክርክር በአዋጅ ተፈጸመ፤ አዋጁም ጦርነትን ወለደ። አቡነ ስምዖን ከዚህ ቀደም ብሎ በ1609 ዓመተ ምሕረት ስለዚሁ ነገር በተደረገው ጦርነት ሞተው ነበር። ላስታም በመልክአ ክርስቶስ መሪነት ተነሣ። በ1624 ዓመተ ምሕረት በወይና ደጋ በተደረገው ጦርነት 8,000 ያህል ሰው እንደ ወደቀ ይነገራል፤ ንጉሡ ድል አደረገ፤ ነገር ግን በሜዳው ላይ የወደቁት የገዛ አገሩ ክርስቲያኖች ነበሩ። ወዲያውም ሕዝቡ ወደ ቀድሞው ሃይማኖቱ እንዲመለስ አወጀ፤ መንግሥቱንም ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ።

እንግዲህ በእነዚያ ዓመታት ሃይማኖትን ያቆየው ማነው ብለን ብንጠይቅ፥ በቤተ መንግሥት የተከራከሩት ሊቃውንት ብቻ አይደሉም። ባልዋን ትታ የመነኰሰችውና በጣና ዙሪያ ማኅበር ያቆመችው ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ፥ ከእርስዋም ጋራ የነበሩት እናቶችና በየገዳሙ የነበሩት መነኮሳት ለሕዝቡ መልስ ሆነውታል። የጽሕፈትም መልስ አልጠፋም። መዝገበ ሃይማኖት የተባለ መጽሐፍ በኢትዮጵያውያን እጅ ተጽፎ ይዞር ነበር። ኢየሱሳውያኑም ከአገር ከወጡ በኋላ አንቶንዮ ፈርናንዴዝ የተባለው ካህን ይህንኑ መጽሐፍ የሚቃወም መቅሠፍተ ሐሰታት የተባለ መጽሐፍ በግእዝ ጽፎ በሕንድ አገር በጎዋ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1642 ዓመት አሳተመ። በብራና የተጻፈው የኢትዮጵያውያን መልስ ባሕር ማዶ ያለ ማተሚያ ቤት መልስ እንዲያዘጋጅ ያስገደደ መሆኑ ኃይሉን ያስረዳል።

ነገር ግን የዚያ ዘመን ጠብ ሌላም ፍሬ አፍርቷል። ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ የተባለው መጽሐፍ በዚያው ዘመን በእንፍራዝ ይኖር እንደ ነበረ የሚናገር ሰውን አሳብ ይዟል። መጽሐፉን ያ ሰው በእውነት ጽፎታል ወይስ በ19ኛው መቶ ዓመት መጽሐፉን ወደ አውሮፓ የላከው ኢጣልያዊ መነኵሴ ነው የደረሰው በማለት ሊቃውንት እስከ ዛሬ ይከራከራሉ። ደራሲው ማንም ይሁን፥ ያነሣው ነገር ልብ ሊባል የሚገባው ነው። ፈረንጁም ግብጣዊውም እኔ ብቻ ልክ ነኝ እያለ ሲጣላ በመካከላቸው የሚፈርድ ዳኛ ወዴት ይገኛል ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ የመጣው መልስ ከማጣት አይደለም፤ ፍቅር የሌለበት መልስ ከመብዛቱ ነው። የሃይማኖት ጠበቆች ሲጠላሉ ያየ ሰው ፍርድ ቤቱን ራሱን ይጠራጠራል።

የጐንደር ጉባኤ ቤት

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓመተ ምሕረት ጐንደርን መናገሻ አደረገ። ነገሥታቱ ተራ በተራ አብያተ ክርስቲያናትን አሠሩ፤ ከዚህም የተነሣ የጐንደር ታቦታት አርባ አራት እየተባሉ ይቈጠራሉ። ተጓዦች የሚያደንቁት ግንቡን ነው፤ ዳሩ ግን ከግንቡ የሚበልጠው የጐንደር ሥራ በግንቡ ጥላ በሣር ጐጆ ውስጥ የተሠራው ነው፤ ይኸውም ጉባኤ ቤቱ ነው።

ንባብ ቤት፥ ዜማ ቤት፥ ቅኔ ቤት፥ መጽሐፍ ቤት በየደብሩ ተተከለ። በዓታ ለማርያም በአቋቋም ስሟ የታወቀ ሆነ። የሁሉም መደምደሚያ የሆነው የመጻሕፍት ትርጓሜ በጐንደር ተስፋፋ፤ በትርጓሜው ሥራ ስማቸው እስከ ዛሬ የሚጠራው መምህር ኤስድሮስ የጐንደር መምህር ነበሩ። የታች ቤት ትርጓሜ የሚባለውም ከእርሳቸው ወንበር የወረደ ነው።

ትርጓሜው በአማርኛ መሆኑን ልብ በሉ። የግእዙ ዘር ይነበባል፤ መምህሩ በአማርኛ ይተረጕመዋል፤ ቀጥሎም አንድም እያለ ሌላውን ምሥጢር ያመጣል፤ ታሪኩን ይተርካል። ከዚህም ሁሉ በላይ መምህሩ ራሱ ጥያቄ ያነሣል፤ ስለ ምን እንዲህ አለ ቢሉ፥ ይህ ከዚያ ጋራ አይጣላም ወይ ቢሉ እያለ በተማሪው አፍ የተቃዋሚውን ነገር ይናገራል፤ ከዚያም ይመልሳል። ስለዚህ ተማሪው ከጉባኤ ቤት በወጣ ጊዜ ጥያቄው አዲስ አይሆንበትም፤ ከመልሱ ጋራ አብሮ ተምሮታልና። ይህ በኢየሱሳውያን ዘመን ለደረሰው ጕድለት የተሰጠ እውነተኛ መልስ ነው። በዚያ ጊዜ እንግዳው በአማርኛ ጠይቆ ባለ አገሩ መልስ አጣ፤ በጐንደር ግን ባለ አገሩ ራሱ በአማርኛ እየጠየቀ ራሱ ይመልስ ጀመር። በጉባኤ ቤት ውስጥ መጠየቅ ክህደት አልነበረም፤ የትምህርት በር ነበረ እንጂ።

መጽሐፍ ለማያነበው ሕዝብ ደግሞ ሥዕሉ ነበረ። ታላቁ ዐፄ ኢያሱ ወዳቆመው ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ ሰው የሥላሴን አንድነትና ሦስትነት፥ የጌታን ስቅለት፥ የቅዱሳንን ተጋድሎ በግድግዳው ላይ ያያል፤ ቀና ሲልም ጣራውን የሞሉት የመላእክት ፊቶች ያዩታል። ገበሬው ከዚያ የወሰደው ትምህርት በቃል ሊያስረዳው ባይችል እንኳ በልቡ ተተክሎ ይኖራል።

መልስ ወደ ሰይፍ በተለወጠ ጊዜ

እውነቱን ለመናገር ጐንደር ያየችው መልካሙን ብቻ አይደለም። ከኢየሱሳውያን ጋራ በተደረገው ክርክር የተነሣው ስለ ክርስቶስ ቅብዓትና ስለ ልደቱ የሚደረገው ጥያቄ በገዛ ሊቃውንቶቻችን መካከል ገባ። ተዋሕዶ፥ ቅባት፥ ጸጋ እየተባለ ገዳም ከገዳም ተለየ። በጐንደር ነገሥታት ፊት ብዙ ጉባኤ ተደረገ። በጉባኤው የረታው ወገን ሌላውን በማስተማር ፈንታ በንጉሥ እጅ ማስቀጣት ሲለምድ ክርክሩ ጠባዩን ለወጠ። በዐፄ ዳዊት ሣልስ ዘመን፥ ከ1708 እስከ 1713 ዓመተ ምሕረት ባለው ጊዜ፥ የደብረ ሊባኖስ ወገን መነኮሳት ስለ ሃይማኖት ክርክር በጐንደር በወታደር እጅ ተገደሉ። አባቶቻችን ሱስንዮስን የነቀፉበትን ሥራ በወንድማማቾች መካከል ማየት እጅግ ያሳዝናል።

ክርክሩ በዘመነ መሳፍንት ከመሳፍንቱ ጠብ ጋራ ተቀላቅሎ ቈየ፤ በመጨረሻም ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870 ዓመተ ምሕረት በቦሩ ሜዳ ባደረጉት ጉባኤ ለተዋሕዶ ተፈርዶ ተዘጋ። ነገር ግን ከዚያው ጋራ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ መታዘዛቸው ወዲያው ሽፍትነትንና ስደትን፥ በልብም የቈየ ቅሬታን አስከተለ። በግድ የተገኘ አሜን ከአፍ አይወርድም።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በጥር ወር 1880 ዓመተ ምሕረት ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት በሳር ውኃ ድል በሆኑ ጊዜ ድርቡሾች ጐንደር ገብተው አብዛኞቹን አብያተ ክርስቲያናት አቃጠሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ከተረፉት ጥቂቶች አንዱ ነው። እጅግ ብዙ መጽሐፍ ነደደ። ትርጓሜው ግን አልነደደም፤ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር በቃል የሚወርድ ነበርና። ግንብና ዘውድ ያላዳኑትን በሣር ጐጆ ቈሎ እየቈረጠመ የተማረው ተማሪ አዳነው። በኋላም በ20ኛው መቶ ዓመት የትርጓሜ መጻሕፍት በአዲስ አበባ ለመታተም የበቁት በቃል የያዙት መምህራን በመኖራቸው ነው።

የዛሬው ዘመን

በእኛ ዘመን ያለው ፈተና ከቀድሞው የተለየ መልክ አለው። በ1928 ዓመተ ምሕረት ፋሺስት በመጣ ጊዜ አቡነ ጴጥሮስ በሐምሌ 22 ቀን በአዲስ አበባ በጥይት ተደብድበው ሲሞቱ የሰጡት መልስ ለማንም ግልጥ ነበረ። ከ1967 ዓመተ ምሕረት ወዲህ በደርግ ዘመን የቤተ ክርስቲያን መሬት ተወሰደ፤ ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በ1968 ከመንበራቸው ተነሥተው በ1971 ተገደሉ፤ እግዚአብሔር የለም የሚል ትምህርትም በየትምህርት ቤቱ ተሰጠ። ያ መንግሥት በ1983 ዓመተ ምሕረት አለፈ። ያስነሣው ጥያቄ ግን ከእርሱ ጋራ አላለፈም።

በሕዝብ ቈጠራ መሠረት በ1987 ዓመተ ምሕረት ከኢትዮጵያ ሕዝብ ከመቶ 50.6 ኦርቶዶክሳዊ ነበረ፤ በ1999 ዓመተ ምሕረት ይህ ቍጥር ወደ 43.5 ወረደ። በዚያው ቈጠራ በአማራ ክልል ከመቶ 82.5 ስለ ነበረ የጐንደር ሰው ነገሩ አይነካኝም ሊል ይችላል። ዳሩ ግን ቍጥር ስምን እንጂ ልብን አይቈጥርም። ሃይማኖት የሚቀዘቅዘው ሰው ወደ ሌላ ሲሄድ ብቻ አይደለም። ማዕተቡን በአንገቱ አስሮ ስለ ምን እንዳሰረው የማያውቅ፥ በጥምቀት ቀን በፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ እልል ብሎ በማግስቱ የጥምቀትን ምሥጢር ቢጠይቁት ዝም የሚል ሰው፥ ማንም ሳይከራከረው አስቀድሞ ተረትቷል። ዛሬ ደግሞ ጥያቄው ከጎዋ በመርከብ እስኪመጣ ድረስ አይጠበቅም፤ በእጅ ስልክ በየሌሊቱ ይመጣል።

ለዚህ ዘመን መልስ የሚጽፉ አልጠፉም። መልአከ ብርሃን አድማሱ ጀምበሬ ኮኰሐ ሃይማኖትንና መድሎተ አሚንን ጽፈው መንገዱን አሳይተዋል። ዛሬም በቃልና በጽሕፈት የሚከራከሩ ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ብዙው ክርክር ተቃራኒውን ለማሳፈር እንጂ የገዛ ልጅን ለማስተማር የሚደረግ አይመስልም። የሚያጨበጭበው አስቀድሞ ያመነው ነው፤ የሚጠራጠረው ግን በዳር ቆሞ ዝም ይላል፤ ከጥቂት ጊዜም በኋላ ዝም ብሎ ይሄዳል።

እንግዲህ የዚህ ደብር ልጆች ሆይ፥ ከጐንደር ታሪክ ሦስት ምክር እንውሰድ። አንደኛው፥ ልጅ ሲጠይቅ አትቈጡት። አባቶች በጉባኤ ቤት የተቃዋሚውን ጥያቄ ራሳቸው እያነሡ አስተምረዋል፤ እኛ የልጃችንን ጥያቄ እንደ ክህደት ብንቈጥረው ሌላ መምህር ይፈልጋል፤ ያገኛልም። ሁለተኛው፥ ስለ ሌላው ሃይማኖት የምንናገረው እንደ አባ ዕንባቆም አውቀን፥ እንደ ዐፄ ገላውዴዎስም ሳንሳደብ ይሁን፤ መሠረቱንና ልማዱንም እንለይ። ሦስተኛው፥ ጉባኤ ቤቱን እናቁም። አንድ መምህር ወንበሩን ዘርግቶ ሲያስተምር ቀለብ ቢያጣ፥ ለማኅሌቱ ቀን የምናወጣው ገንዘብ ከየት ካህን ያመጣልናል? የቈሎ ተማሪ በደጃችን ሲቆም የምንሰጠው ቍራሽ ለነገው ጥያቄ የተዘራ የመልስ ዘር ነው።

መልስ ያለ ጉባኤ ቤት ሥር የሌለው ዛፍ ነው፤ ነፋስ ባይጥለው ፀሐይ ያደርቀዋል። መልስ ያለ ፍቅር ደግሞ በ1624 ዓመተ ምሕረት በወይና ደጋ፥ በዐፄ ዳዊትም ዘመን በጐንደር ያፈራውን አይተናል። ሥሩ በትምህርት፥ ቅጠሉ በየዋህነት የሆነለት መልስ ግን የተቃጠለች ከተማን ተሻግሮ ከእኛ ደርሷል። ኢዮቤልዩ የርስት መመለሻ ከሆነ፥ እነሆ ርስታችን ይህ ነው። ተቀብለን ለልጆቻችን እንድናስተላልፈው እግዚአብሔር ይርዳን። አሜን።